ሰፊው ቀንድ የፊት ነው፦ ስለ ሐብለ ሰረሰር ግራጫ ክፍል የተደረገ ውይይት

ጥያቄውን የለጠፍኩት ሰኞ ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ነው። እስከ እሑድ 29 መልሶች መጡ። አንዱ አራት መልስ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን ያርማል፣ ሌላው ስለ ሥጋ ቤትና ስለ ጓያ ያወጋል፤ ዘግይቶ የገባ ሰው ጫፉን መያዝ አልቻለም። ስለዚህ ሁሉንም በራሴ አነጋገር፣ በየተራ ቁጥሩ አስቀምጬዋለሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለበጥኩም፤ ሐሳባቸውን ግን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ለማስፈር ተጠንቅቄአለሁ።

መነሻው ይህ ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ኅትመት እሠራለሁ። የሕክምናና የነርስነት ተማሪዎች ጥራዝ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። የዚያን ዕለት ሁለት ልጆች በአንድ ሰዓት ልዩነት የሐብለ ሰረሰርን፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደውን የነርቭ ገመድ፣ የወርድ ቁራጭ የሚያሳይ ሥዕል ይዘው መጡ። ዙሪያው ነጭ ነው፤ መካከሉ ላይ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ግራጫ ነገር አለ። በመጀመሪያው ልጅ ሥዕል ሰፋፊዎቹ ክንፎች ወደ ታች ናቸው፤ በሁለተኛው ወደ ላይ። ገልብጬ ያተምኩ መስሎኝ ወረቀቱን ከማሽኑ አውጥቼ ፊደሉን አየሁ። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የተገለበጠው ቢራቢሮው ነው። ከሁለቱ አንዱ ስሕተት መሆን አለበት፣ የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኩ።

ሁለተኛው ጥያቄ የቤቴ ጥያቄ ነው። ታላቅ እኅቴ በሦስት ዓመቷ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት። ያን ጊዜ ቤታችን ከራስ መኮንን ድልድይ አለፍ ብሎ ነበር። እናቴ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻት፤ ድሬሰሩ መቀመጫዋ ላይ መርፌ ወጋት፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሯ አልታዘዛትም። እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር፤ ያደግሁት ግን «ያ ድሬሰር» ሲረገም እየሰማሁ ነው። የሚገርመኝ ነገር ይኼ ነው፦ እግሯ ቀጥኗል፣ ነገር ግን ዝንብ ቢያርፍበት ታውቃለች። ልጅ ሳለች የሰፈር ልጆች «ደርቋል» እያሉ ይቆነጥጧት ነበር፤ እርሷም ዕንባዋ እስኪመጣ እያመማት እግሯን ማሸሽ አትችልም ነበር። ሥዕሉ ላይ በአንዱ ክንፍ አጠገብ «ስሜት»፣ በሌላው አጠገብ «እንቅስቃሴ» ተጽፎ ሳይ ልቤ ወደ እርሷ ሄደ። ሁሉን የሚሰማ እግር ለምን አይታዘዝም?

1ኛው መልስ የሕክምና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ ካለ ሰው የመጣ ነው፤ ጨዋና የተብራራ ነበር። ሁለቱም ሥዕሎች ትክክል ናቸው አለ። የአናቶሚ መጻሕፍት ሐብለ ሰረሰርን በወርዱ ቆርጠው ሲያሳዩ አብዛኛውን ጊዜ የጀርባውን ወገን ወደ ላይ ያደርጋሉ። ኤም አር አይ በሚባለው የሰውነት ውስጥ ምስል ላይ ግን ታማሚው ተንጋሎ፣ ከእግሩ በኩል ወደ ራሱ እንደሚታይ ሆኖ ስለሚቀርብ የሆዱ ወገን ወደ ላይ ይመጣል። ሥዕሉ ይገለበጣል እንጂ አካሉ አይገለበጥም፤ ሰፊው ምንጊዜም የፊት ነው፣ ቀጭኑ የኋላ። ሐኪሞች ክንፍ ሳይሆን ቀንድ ነው የሚሉት ብሎ አረመኝ፦ የፊት ቀንድና የኋላ ቀንድ።

2ኛው በሁለት መስመር አመሰገነው፤ ይኼንኑ የሚያስረዳው ሰው አጥቶ ፈተና ላይ ቀንዶቹን አለዋውጦ እንደጻፈ ተናገረ። 3ኛው ደግሞ ተቆጣ። አታሚ የተሰጠውን ማተም እንጂ የሐኪም መጽሐፍ ስሕተት ነው ማለት ሥራው አይደለም አለኝ። አልመለስኩለትም። በእጄ የሚያልፈውን ወረቀት ትክክለኛነት መጠየቅ ሥራዬ እንደሆነ ግን ዛሬም አምናለሁ፤ ተገልብጦ የታተመ ሥዕል ይዞ ፈተና የሚገባው ልጅ የእኔ ደንበኛ ነው።

4ኛው መልስ የአናቶሚ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው፤ ለእኔ ለአታሚው ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ እርሱ ነው። ፊደል ሳይጻፍበት ፊትና ኋላውን መለየት ይቻላል አለ። በፊት በኩል መሐል ለመሐል የሚወርድ ጠለቅ ያለ ስንጥቅ አለ፤ በኋላ በኩል ግን ጭረት የሚያህል ብቻ ነው። በፊተኛው ስንጥቅ አፍ ላይ አንድ የደም ቧንቧ ይወርዳል፤ በኋላ በኩል ያሉት ሁለት ናቸው። የፊት ቀንድ ሰፊና ደንዳና ሆኖ ጠርዝ ሳይደርስ ይቆማል፤ የኋላ ቀንድ ቀጥኖ ሊወጣ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወደ ጠርዝ ይጠጋል። ቁራጩ ከየት እንደተወሰደም ከቅርጹ ይታወቃል። ከአንገትና ከወገብ የተቆረጠው የእጅና የእግር ጡንቻዎች ስለሚታዘዙበት የፊት ቀንዱ ወፍራም ነው። የደረቱ ቀጭን ነው፤ በምትኩ ጎኑ ላይ ትንሽ ሦስተኛ ቀንድ ያበቅላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ነጩ ክፍል ይበዛል፤ ከየደረጃው ወደ አንጎል የሚወጣውና ከአንጎል የሚወርደው ክር የሚጠራቀመው እዚያ ነውና። ይህን ካነበብኩ በኋላ የሁለቱን ልጆች ሥዕል እንደገና አወጣሁ። ስንጥቁን ፈለግሁ፤ በአንዱ ከታች፣ በሌላው ከላይ፣ ሁለቱም ጋር ሰፊው ቀንድ አጠገብ ነበር።

5ኛው ሥጋ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ካዛንቺስ አካባቢ እንደሚሠራ ጽፏል። ለፋሲካ ቅርጫ በሬ ሲጣል አከርካሪው በመጥረቢያ ሲሰነጠቅ ትንሽ ጣት የሚያህል ነጭ ገመድ ከውስጡ እንደሚወጣ፣ ሰውም እንደ ቅልጥም መቅን እንደሚቆጥረው ነገረን። በተሳለ ቢላዋ በወርዱ ሲቆረጥ መሐሉ ላይ የሚታየው ግን ግራጫ ሳይሆን ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ ታዲያ ለምን ግራጫ ትሉታላችሁ ብሎ ጠየቀ። ይኼን የመሰለ ጥያቄ ከመጽሐፍ አይወጣም።

6ኛው መለሰለት። ሥጋ ቆራጩ ያየው ትክክል ነው፤ ትኩስ በሆነ አካል ውስጥ ያ ክፍል ሮዝ ይመስላል፣ ምክንያቱም የነርቭ ሕዋሳት ብዙ ደም ይፈልጋሉና በቀጫጭን የደም ሥሮች ተሞልቷል። ግራጫ የሚመስለው አካልን ከመበስበስ በሚጠብቀው ፎርማሊን ከቆየ በኋላ ነው። ነጩ ነጭ የሆነው የነርቭ ክሮቹን የሚሸፍነው ማይሊን የሚባለው ቅባት ስላለበት ነው። ቅልጥም ውስጥ ያለው መቅን ደም የሚሠራ ሲሆን ይህ ግን ነርቭ ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንጎል ላይ ግራጫው በውጭ፣ ነጩ በውስጥ መሆኑንና እዚህ ተገላብጦ መገኘቱንም አስታወሰ።

7ኛው ርእሱን ወደ ፊደል ወሰደው። እኔ መጀመሪያ «ኅብለ ሰረሰር» ብዬ ነበር የጻፍኩት። በግእዝ ገመድ «ሐብል» ስለሆነ በሐመሩ ሐ ጻፈው አለኝ። 8ኛው ተነሣበት፤ ሰው ስለ ሽባ እኅቱ እየጠየቀ አንተ ሐ እና ኀ ትለቅማለህ ብሎ ወረደበት። 7ኛው በ9ኛው ተመልሶ ሳይቆጣ አስረዳ፦ ቃሉ ገመድ ማለት መሆኑን ያወቀ ተማሪ አከርካሪ አጥንቱንና በውስጡ ያለውን ገመድ አይደባልቅም፤ አዋቂው ወንድ ላይ ገመዱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ከአጥንቱ ቀድሞ በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ያልቃል፤ ለዚህም ነው ሐኪም ከወገብ ፈሳሽ ሲቀዳ ከዚያ ዝቅ ብሎ የሚወጋው። ተቀብዬ ከዚህ ጀምሮ በሐ ጽፌአለሁ።

10ኛው መልስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ውይይቱን ወደ እኅቴ የመለሰችው እርሷ ነች። ከጡንቻና ከቆዳ የሚመጣው መልእክት በኋላ በኩል ይገባል፤ ለጡንቻ የሚሰጠው ትእዛዝ በፊት በኩል ይወጣል። ይህን መለያየት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1811 ቻርልስ ቤል እንደጀመረው፣ በ1822 ፍራንሷ ማዣንዲ በሙከራ እንዳረጋገጠው ጻፈች። ስለዚህ የፊት ቀንድ ሕዋሳት ብቻ ቢሞቱ እግሩ ሁሉን እየተሰማው መታዘዝ ያቅተዋል። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፦ የሟሸሸው ጭን ነው ወይስ ባት? ቆዳዋ የደነዘዘበት ቦታ አለ? ጉልበቷ ሥር መታ ሲደረግ እግሯ ይወነጨፋል?

11ኛው የእኔ ነው። እኅቴ ልብስ ሰፊ ናት። ማክሰኞ ማታ የሲንጀር መኪናዋን ከዘጋች በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳትና እግሮቿን አንጠለጠለች። በእጄ ጠርዝ ከግራ ጉልበቷ ሎሚ በታች ያለውን ጅማት መታሁ፤ እግሯ ወደ ፊት ተወነጨፈና ጫማዬን ነካኝ። ቀኙን መታሁ። ምንም የለም። ደግሜ መታሁ፤ ቀስ ብዬ እንድመታ፣ እያመማት እንደሆነ ነገረችኝ። ያማታል፣ ግን አይንቀሳቀስም። የሟሸሸው የጭኗ ፊት መሆኑን፣ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ እንደምትራመድ፣ ቆዳዋ የትም እንዳልደነዘዘ ጻፍኩ። መርፌው የተወጋው ግን መቀመጫዋ ላይ እንደነበር ደግሜ አሰፈርኩ።

12ኛው በቁጣ የተሞላ ነበር፤ ቁጣው ግን ከራሱ ቁስል የመጣ ነው። እርሱንም በልጅነቱ መቀመጫው ላይ የተወጋው መርፌ አሽመድምዶታል፤ የወጋው ሰው ስሕተቱን ሳያምን ቀረ። የእግሩ ፊት ወደ ላይ አይነሣም፣ ሲራመድ ጣቶቹ መሬት ይጭራሉ፣ የውስጥ እግሩ ደንዝዟል። ስለ ቀንድና ስለ ቢራቢሮ የሚያወሩት ወጊውን ነጻ ለማውጣት ነው አለ፤ እኔንም የእኅትህን ገዳይ ጠበቃ ሆንክለት አለኝ። ከባድ ቃል ነው። አልተቀየምኩትም።

13ኛው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት። በ12ኛው ላይ የደረሰውን አልካደችም፤ እንዲያውም አመነችለት። መቀመጫ ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ ነርቭ ሳያቲክ ይባላል፤ መርፌ ካገኘው ከጉልበት በታች ያለው ጡንቻ ይደክማል፣ ስሜትም አብሮ ይጎዳል፣ ምክንያቱም ነርቭ ከሐብለ ሰረሰር ከወጣ በኋላ የስሜቱና የትእዛዙ ክር አብሮ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። የ12ኛው እግር ይህን ይመስላል። የእኅቴ ግን ሌላ ነው። የጭን ፊት ጡንቻ በሳያቲክ አይታዘዝም፤ በጭን ፊት የሚወርድ ሌላ ነርቭ አለው፣ ትእዛዙም የሚነሣው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው የወገብ ክፍል ካለው የፊት ቀንድ ነው። መቀመጫ ላይ የገባ መርፌ እዚያ አይደርስም። ስሜት ሳይነካ ትእዛዝን ብቻ ለይቶ ማጥፋት የሚቻለው ሁለቱ ሳይቀላቀሉ በፊት፣ ማለትም ሐብለ ሰረሰሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ የልጅነት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ ነው የሚመስለኝ አለች፤ ሐኪም ሳያያት ግን እንዳትደመድሙ ብላ አሳሰበች።

ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በቤታችን ማንም ጭንና ባትን ለይቶ አልጠየቀም ነበር።

14ኛው የመጀመሪያው ተማሪ ነው፤ ፖሊዮ የሚለው ቃል ራሱ በግሪክ ቋንቋ ግራጫ ማለት እንደሆነ ጻፈ። ሙሉ ስሙ ፖሊዮማየላይተስ ሲሆን የግራጫው መቅን ብግነት እንደማለት ነው፤ ግሪኮቹም እንደኛ ሥጋ ቆራጭ መቅን ነው ብለውታል። በ1908 ካርል ላንድስታይነርና ኤርዊን ፖፐር ቪዬና ውስጥ በዚሁ በሽታ ከሞተ ሕፃን ሐብለ ሰረሰር የወሰዱትን ለጦጣዎች በመስጠት የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን አሳዩ። ስሙን ስንት ጊዜ በክትባት ማስታወቂያ ላይ አትሜአለሁ። ግራጫ ማለት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

15ኛው እርግጠኛ ሆኖ ጓያ ነው አለ፤ እግር የሚሰብር እርሱ ነው፣ እናትህ ልጇን ጓያ አብልታት ይሆናል። 16ኛው አባቱ በጓያ የተሰበረ የጎጃም ሰው ነው፤ በእርጋታ አረመው። ጓያ እግር የሚሰብረው በድርቅ ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው፤ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ የሚጎዳው ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደውን ረጅም ክር ሲሆን ያም የሚያልፈው በጎን ነጩ ክፍል ነው። የፊት ቀንድ ስለማይሞት ጡንቻው አይሟሽሽም፤ ይልቁንም ይገተራል፣ ሁለቱ እግሮች እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ ሰውየው በጣቶቹ ጫፍ ይሄዳል፣ ጉልበቱ ሲመታም ከልክ በላይ ይወነጨፋል። የአባቱ ሁለት ምርኩዞች ጫፍ ከመሬት ጋር እየተፋተገ በየዓመቱ እንደሚያጥር፣ እርሱ በየክረምቱ እንደሚቀይርላቸው ጻፈ። ፖሊዮ ያዝላል፣ ጓያ ያደርቃል፤ እግር አይቶ የትኛው ቀለም እንደተጎዳ መናገር ይቻላል ማለት ነው። 17ኛው ስለ ሽሮ ጠይቆ ከመንገድ ወጣ፤ ክርክሩ ጓያ ከሽሮ እህል ጋር ይቀላቀላል አይቀላቀልም ወደሚል ሊሄድ ሲል ቆመ።

18ኛው እጅግ ረጅም ነበር። ብሮር ሬክሴድ የተባለ ስዊድናዊ በ1952 የድመትን ሐብለ ሰረሰር በማይክሮስኮፕ መርምሮ ግራጫውን ክፍል በሕዋሳቱ ዓይነት አሥር ንብርብር አድርጎ እንደከፈለው አብራራ። ከ1 እስከ 6 የኋላ ቀንድ፣ 7 የመሐሉና የጎን ቀንዱ፣ 8 እና 9 የፊት ቀንድ፣ 10ኛው በመሐል ያለችውን ቀጭን ቦይ የከበበው ነው። ጡንቻ አዛዦቹ 9ኛው ውስጥ ናቸው፤ ወደ ውስጥ የተጠጉት ለግንድ አካል፣ ወደ ጎን የወጡት ለእጅና ለእግር። በአንገቱ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉት ድያፍራም የሚባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሚያዝዙ ፖሊዮ እዚያ የደረሰባቸው ሕፃናት ብረት ሳንባ በሚባል ማሽን እንዲተነፍሱ ይደረግ ነበር። የጎን ቀንዱ ደግሞ ላብንና የደም ሥሮችን የሚቆጣጠረው ክፍል ነው። 19ኛው ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል፣ ክፍል ውስጥ አይደለንም ብሎ ተቆጣ። ለእኔ ጠቅሞኛል። ወደ ጎን የወጡት ለእግር ናቸው የሚለውን ቃል ይዤ ነው በኋላ ሥዕሉ ላይ ቦታውን የፈለግሁት።

20ኛው አያቷ ወጌሻ የነበሩ ሴት ናት። የተመታ ቦታ ሲታሽ ሕመሙ የሚቀለው በቅቤው ነው ወይስ በእጁ ብላ ጠየቀች። እዚያው መልስ ውስጥ ራሷ አንብባ ያገኘችውን ጨመረች፦ የሕመም ክሮች የሚጨርሱት በኋላ ቀንድ ጫፍ፣ በተለይ በ2ኛው ንብርብር አካባቢ ነው፤ ሜልዛክና ዎል በ1965 ያቀረቡት ሐሳብ የመዳሰስ መልእክት እዚያ ሲደርስ ለሕመሙ በሩን ያጠብበታል ይላል። አያቷ ይህን በእጃቸው ያውቁት እንደነበር ጻፈች።

21ኛው አራሚ ነው፤ 10ኛውና 20ኛው ነገሩን ከሚገባው በላይ አቅልለውታል አለ። የስሜት ነርቭ ሕዋሱ ራሱ የኋላ ቀንድ ውስጥ የለም፤ ከገመዱ ውጪ፣ ነርቩ ሊገባ ሲል ባለ እብጠት ውስጥ ነው። የሰውነትን አቀማመጥ የሚናገሩት ክሮችም ግራጫው ላይ ሳይቆሙ በኋላ በኩል ባለው ነጭ ክፍል በቀጥታ ወደ ላይ ይወጣሉ። ቃሉ ሸካራ ቢሆንም ትክክል ነበር፤ ባለሙያዋም ተቀበለችው።

22ኛው መልስ ጡረታ ከወጣች ነርስ ነው፤ አንድ ጥያቄ ብቻ። ያን ቀን ልጅቷ ወደ ክሊኒኩ በእግሯ ሄደች ወይስ ታዝላ?

ይህን እናቴን ጠይቄአት አላውቅም። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሄድኩ። ቡና እያፈላች ነበር። ስጠይቃት እጇ ረከቦቱ ላይ እንዳለ ቆየ። አዝዬአት ነው አለችኝ፤ ጧት ከአልጋ ስትወርድ ጉልበቷ ከድቷት ወደቀች፣ ድካም ነው ብዬ አነሣኋት፣ እንደገና ወደቀች፣ ከዚያ አዝዬ ወሰድኳት። 23ኛው ይኼ ነው፤ እንዳለ ጻፍኩት።

24ኛው የነርሷ ነው። መርፌው የገባው እግሯ ከከዳት በኋላ ነው ማለት ነው አለች። ትኩሳቱ ቀደመ፣ ልምሻው ተከተለ፣ መርፌው ሦስተኛ መጣ፤ በዚያ ዘመን ትኩሳት የያዘው ልጅ ሁሉ መርፌ ስለሚወጋ ብዙ ቤተሰብ ሽባነቱን ከመርፌው ጋር አያይዞ ቀረ። ነገር ግን እውነቱን ሁሉ ለመናገር ብላ ጨመረች፦ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ሳለ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ በዚያ እግር ላይ ልምሻውን ሊያባብስ እንደሚችል ይታወቃል። ድሬሰሩ ፖሊዮ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ከ200 በቫይረሱ ከተያዙ አንዱ ብቻ ነው ሽባ የሚሆነው፣ ከቀሩት አብዛኞቹ ምንም ምልክት አያሳዩም፣ ሌሎቹም ተራ ትኩሳት የያዛቸው ይመስላሉ። የክትባቱ ብሔራዊ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ለእኅቴ አምስት ዓመት ያህል ዘግይቷል። አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ ናት ተብሎ የተመሰከረው በ2020 ነው።

25ኛው ያ በ12ኛው የተቆጣው ሰው ነው። የራሱ ጉዳይ እንዳልተለወጠ፣ የእኔ ግን ሌላ መሆኑን እንደተረዳ ጻፈ፤ ገዳይ ያለውን ቃል አነሣ። ከዚህ በላይ አልጠበቅሁም።

26ኛውን የጻፍኩት እኅቴ ስላለችኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናውን መርገጫ የምትረግጠው በግራ፣ በጤናማው እግሯ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ግራው ይዝላል፣ ማታ ይንቀጠቀጣል። ሁላችንም ዕድሜ ነው ብለናት ነበር። 27ኛው የባለሙያዋ መልስ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ፖሊዮ ጤናማ በሚመስለው እግር ላይም ጥቂት የፊት ቀንድ ሕዋሳትን ገድሎ ሊሆን ይችላል። የተረፉት ሕዋሳት አዲስ ቅርንጫፍ አውጥተው ባለቤት የሞተበትን የጡንቻ ክር ተረክበው ያሠራሉ፤ አንዱ ሕዋስ የብዙዎችን ሸክም ይዞ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ከዚያ ቅርንጫፎቹ ይዝላሉ። ይህ ፖስት ፖሊዮ ሲንድሮም ይባላል፤ ቫይረሱ ተመልሶ አይደለም። እስኪዝል ድረስ ማሠራት ይጎዳል፤ እረፍት እየከፋፈሉ መሥራትና የነርቭ ሐኪም ማየት ነው ያለው። ሌላ ሰው በርቺ፣ በኃይል አሠሪው ብሎ መክሯት ነበር፤ ይህን ምክር እንዳትሰማ ነገርኳት። ለመኪናዋ በእጅ የሚሠራ ሞተር ፈልገን ከመርካቶ ገዝተናል።

28ኛው ከሁለቱ ልጆች አንዱ ነው፤ ይህን ውይይት አግኝቶ አነበበው። ሥዕሉን እንደገና ሳትምለት «ፊት» እና «ኋላ» ብዬ እንድጽፍበት፣ በኤም አር አዩ ላይ ደግሞ በስተግራችን የሚታየው የታማሚው ቀኝ መሆኑን እንዳሰፍርበት ለመነኝ። ጻፍኩለት። አንዱን ትርፍ ቅጂ ለእኅቴ ወሰድኩላት። ከወገብ የተወሰደውን ቁራጭ አሳየኋት፤ የልብስ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔዋን አንሥታ የቀኝ እግሯን ወገን ሰፊ ቀንድ፣ ወደ ጎን የወጣውን ጫፉን፣ ክብ አደረገችበት።

29ኛው የመጨረሻው ነው፤ እርሱም የእኔ ነው፣ ነርሷ እናትህ ምን አለች ብላ ስለጠየቀችኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። የድሬሰሩን ስም ጠየቅኳት፤ አታውቀውም። ብዙ ከቆየች በኋላ፣ ሃምሳ ሳንቲም ልትሰጠው ስትዘረጋ ለልጅቷ ብርቱካን ግዥላት ብሎ መልሶ እጇ ውስጥ እንዳስቀመጠላት ነገረችኝ። ይህን ከዚህ በፊት ተናግራ አታውቅም።